ሁለተኛው የጠመኔ መስመር

ፈተናው አልተደረገም። ደብተሩ ላይ ግን ተደርጓል ተብሎ ተጽፏል፣ ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ «መቶ ሃያ ኪሎ ለሃያ አራት ሰዓት ተሰቀለ። ክንዱ አልጎበጠም።» ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። አንደኛው የሚጣ ነው።

ሚጣ ይህን ያወቀችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ቆማ ግድግዳውን ስታይ ነው። የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የማንሻውን ሸራ አጥባ ልትመልስ ነበር ሐሳቧ። ማንሻው ወለሉ መሀል ቆሟል፤ ከካሬ ብረት የተበየደ፣ አራት ጎማ ያለው፣ በመኪና ክሪክ ወደ ላይ የሚገፋ ረጅም ክንድ ነው። ክንዱ ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ፣ መንጠቆው ላይ ሸራው ይንጠለጠላል፣ ሸራው ውስጥ ሰው ይቀመጣል። ከዚያ በሽተኛው ከአልጋው ወደ ዊልቸር ይሻገራል፤ የማንም ወገብ አይጎዳም። ሐሙስ ዕለት በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ ዳይሬክተሩን ሦስት ጊዜ አንስቶ አውርዷቸዋል። ዳይሬክተሩ ዘጠና አምስት ኪሎ ናቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ሚጣና ጓደኛዋ አንደኛ ወጡ። ነገ እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የከተማው ውድድር አለ።

በያጁ የሠሩትን ሁሉ የሚፈትኑት በአንድ መንገድ ነው። ብረቱ ላይ ክብደት ይሰቅላሉ፣ ጫፉ በደረሰበት ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ከመስመሩ አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋሉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሁለተኛውን መስመር ያሰምራሉ። ብረቱ ንቅንቅ ሳይል ቢቆይ እንኳ፣ በድሮው መስመር ላይ ደግመው አስምረው ሁለተኛውን ቀን ይጽፋሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእንዲህ ያለ ጥንድ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ የደረጃ፣ የበረንዳ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ።

ከማንሻው ጎን ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። «ማክሰኞ፣ 9፡00።» ረቡዕ የሚል የለም።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን መስመር ማን አጠፋው?»

በያጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩ። «ማን ያጠፋዋል? አልተሰመረማ። እኔ የመጀመሪያውን አሰመርኩና በር ልገጥም ሄድኩ፤ ሁለት ቀን ቆየሁ። ቁልፉን ለዚያ ለጓደኛሽ ሰጥቼ፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስምር ብዬው ነበር።»

«ማስመሩን ረስቶት ይሆን? ወይስ ከጂም የተዋስነውን ክብደት ቶሎ አውርዶት ነው?»

«እሱን እሱን ጠይቂው። እኔ የማነበው ግድግዳ ነው» አሉና መነጽራቸውን መልሰው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ጓደኛዋን ሁሉም «ጡንቻ» ይለዋል። ጂም የጀመረ ሰሞን የወጣለት ስም ነው፤ ስሙ ቀድሞ ደረሰ፣ ጡንቻው ገና መንገድ ላይ ነው። ሚጣ ከብየዳ ቤቱ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ጂም ስትገባ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ክንዱን እያየ ነበር።

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያወረድከው?»

«ሰላም አይባልም እንዴ መጀመሪያ?»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

ፎጣውን አንስቶ አንገቱን ጠረገ። የተጠረገ ላብ ግን አልነበረም። «አሰልጣኙ ብረቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መልስ አለኝ። የማታዎቹ ስፖርተኞች ይገባሉ። ምን ላድርግ? የሰው ዕቃ ነው።»

«ስለዚህ ሦስት ሰዓት አልቆየም።»

«ተነስቷል እኮ! መቶ ሃያው ኪሎ ተነስቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።» ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ሰሌዳ አመለከተ። የስፖርተኞቹ ቅጽል ስሞች ተደርድረዋል፣ ከየስማቸው ፊት ቁጥር አለ። «እዚህ ላይ መቶ የተጻፈለት ሰው መቶ ያነሳው አንዴ ነው። አንዴ ካነሳ አነሳ ነው፣ ይጻፍለታል። ተሸክመኸው እደር የሚለው የለም።»

ሚጣ ሰሌዳውን አየችው። ይህን ሕግ ራሷም ለጥናታቸው ጽፋዋለች። የጥናታቸው ርዕስ «ማንሳት» ነው። ሆስፒታል፣ ጂምና ብየዳ ቤት እየዞሩ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ጥሩ ማንሳት ምን ዓይነት ነው? አሰልጣኙ፣ ከትናንቱ የበለጠ ማንሳት ነው አለ። ነርሶቹ፣ የሚነሳው ሰው ያልፈራበት፣ የሚያነሳውም ሰው ነገ ሥራ የሚገባበት ነው አሉ። በያጁ፣ እኔ ቤቴ ሄጄ ተኝቼ ብረቱ እዚያው የሚገኝበት ነው አሉ። ሚጣ ሦስቱን መልሶች በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ጽፋ፣ ከሥራቸው በቀይ አስምራባቸው ነበር። መምህሩ «ግሩም!» ያሉት ለዚህ ገጽ ነው። ጡንቻ የሆስፒታሉን ዕቃ በጂሙ ሕግ ለክቶ ሲጽፍ ግን አላየችም። ማክሰኞም ረቡዕም ማጠናከሪያ ትምህርት ነበራት፤ ሐሙስ ጠዋት እየሮጠች መጥታ፣ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲላት ፈረመች።

«ደብተሩ ላይ ሃያ አራት ሰዓት ብለሃል» አለች።

«አታካብጂ ባክሽ። ዳይሬክተሩን አላነሳም? ሦስቴ! ካልሆነ ከውድድሩ በኋላ እንፈትነዋለን። መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እንጭናለን፣ ነገ እንወዳደራለን፣ ሰኞ ደግሞ እንደ ፈለግሽ ስቀይው።»

«ነገ ማታ አያቴን ልናነሳበት ነው።»

ጡንቻ ፎጣውን አጣጠፈ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «ስንት ኪሎ ናቸው?»

«ሰባ ስምንት።»

«በቃ! ከዳይሬክተሩ ያንሳሉ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስትደርስ እናቷና ሲስተር አያቷን ሊያነሱ እየተዘጋጁ ነበር። ሲስተር የእናቷ የሥራ ባልደረባ ናት፤ አያቷ ስትሮክ ከመታቸው ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ምሳና ማታ እየመጣች ስታግዝ ቆይታለች። ከነገ ማታ ጀምሮ ተረኛ ናት፣ መምጣት አትችልም። እናቷ ዎርድ ውስጥ ለተለማማጆች «ብቻችሁን በሽተኛ እንዳታነሱ» እያለች የምታስተምር ነርስ ናት። ቤት ውስጥ ግን ሲስተር የቀረች ቀን ብቻዋን ታነሳለች፤ በነጋታው ጫማዋን የምታጠልቀው ግድግዳ ተደግፋ ነው።

«አባባ፣ ልናነሳዎት ነው» አለች እናቷ። ይህን ሳትናገር ነክታቸው አታውቅም።

«እስቲ አንሱኝ። በዕድሜዬ ከፍ ብዬ የተሾምኩት ገና አሁን ነው» አሉ አያቷ በተጎተተ ድምፅ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሳቸው ግን በግማሹም ይሠራል።

«አያስቁኝ፣ እጄ ይለቃል» አለች ሲስተር።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ሚጣ የእናቷን ፊት ነበር የምታየው። «ሦስት» ስትል ከንፈሯን ነከሰች፣ አያቷ ዊልቸሩ ላይ ሲያርፉ ለቀቀችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ሳትቀና ትንሽ ቆየች።

«ነገ ማታ ማንሻው ይመጣል አይደል?» አለች እናቷ ገና ጎንበስ እንዳለች። «ሲስተር ስለሌለች እሱን ነው የምጠብቀው። በደንብ ፈትናችሁታል?»

«ደብተሩ ላይ ተጽፏል» አለች ሚጣ።

ውሸት አልተናገረችም። ደብተሩ ላይ በእርግጥ ተጽፏል። እናቷ «ጎበዝ» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ይህ ከውሸት ባሰባት።

አያቷ ደህና በሆነው እጃቸው ጠሩዋት። «እንዲያው ልጠይቅሽ፤ ያ ዕቃ ሲያነሳኝ እግሬ መሬት ይነካል?»

«አይነካም፣ አባባ። ትንሽ ከፍ ይላሉ።»

«እንደሱ ከሆነ ዓይኔን እጨፍናለሁ» አሉ። አልሳቁም። «አንቺ ግን እንዳትጨፍኚ።»

ሚጣ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ብየዳ ቤት ነበረች። በያጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ እጃቸውን በሳሙና እያሹ ነበር።

«ጋሼ፣ ጀሪካኖቹን ልጠቀምባቸው?»

«ምን ልታደርጊባቸው?»

«የሃያ ሊትር ናቸው። ስድስቱ ውሃ ከሞሉ መቶ ሃያ ኪሎ ይሆናሉ።»

በያጁ እጃቸውን ማሸት አቆሙ። «መኪናችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል ብላችሁ የለ?»

«ይመለሳል።»

በአገጫቸው ወደ ቧንቧው አመለከቱ። «ገመዱ ከበሩ ኋላ ነው። ስትሸከሚ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወገብሽን አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ የጥናታችን ምዕራፍ ሁለት ነው።»

ሦስተኛውን ጀሪካን ስትሞላ ጡንቻን በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ለጭነት የሚሆን ገመድ በትከሻው ይዟል።

«ያምሻል እንዴ? ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰቀልሽው የሚወርደው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

«አዎ።»

«ውድድሩ ጠዋት ነው!»

«አዎ አልኩህ።»

«ስማችን ተለጥፏል። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። ሚጣ፣ እሺ ባይወድቅስ? ነገ መጥተሽ መስመሩ እዚያው ቢሆን፣ በባዶ ሜዳ ቀረን ማለት እኮ ነው። እሱን አስበሻል?»

አስባዋለች። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው እሱን ነው። ሳይጎብጥ የመገኘቱ ዕድል የሚበልጥ ይመስላት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከመጉበጡ ይልቅ ያናድዳት ነበር።

«ባይወድቅ፣ እናቴ ሲፈተን አይተሽዋል ወይ ስትለኝ አዎ እላታለሁ» አለች። «አሁን ያንን ጀሪካን አቀብለኝ፣ አለዚያ ከበሩ ላይ ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።»

አላቀበላትም። ዞርም አላለም። «ለቲቸር ምን ልትያቸው ነው?»

«የሆነውን።»

«እኔ ዋሸሁ ብለሽ?»

«ጽሑፉ ያንተ ነው። ፊርማው የሁለታችንም ነው። ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ።»

ጡንቻ ገመዱን ወለሉ ላይ ጥሎ ወጣ። ሚጣ ቀሪዎቹን ጀሪካኖች ሞልታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ አንድ በአንድ ጎተተቻቸው። ለማሰር ገመዱ አጠረባትና ጡንቻ የጣለውን ጨመረችበት። በያጁ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉላት፣ ከዚያ እሷ የክሪኩን እጀታ ደጋግማ ተጫነችው። ክንዱ ቀስ እያለ ተነሳ። ስድስቱ ቢጫ ጀሪካኖች ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው ተንጠለጠሉ፣ ትንሽ ተወዛወዙ፣ ቆሙ።

በያጁ ጠመኔውን ዘረጉላት። «አንቺው አስምሪ።»

መስመሩ መጀመሪያው ላይ ጠመም አለባት። አላጠፋችውም። ከአጠገቡ «ቅዳሜ፣ 9፡00» ብላ ጻፈች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በሚያምር ጽሑፍ በተጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጭረት አሳለፈችበትና ከጎኑ «አልተደረገም» ብላ ፈረመች። ለሁለተኛው ፊርማ ቦታ ተወች።

ስልኳን አውጥታ የመምህሩን ቁጥር ፈለገች። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ሚጣ ነኝ። ነገ ጠዋት ውድድሩ ላይ አንገኝም። … አይ፣ አልታመምኩም። ማንሻው ሥራ ላይ ነው። ደብተሩን ይዤ አሁን ቤትዎ ልምጣ?»

በያጁ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላትና ጃኬታቸውን እየለበሱ ቀድመው ወጡ። ሚጣ መብራቱን አጠፋች። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ጀሪካኖቹ ይታያሉ፣ አንዱ በገመዱ በኩል ጠብ ጠብ ይላል። ክዳኑን ጠበቅ አደረገችው፣ ደብተሩን በብብቷ ሸጎጠች፣ ወጣች፣ የብረት በሩን እስኪገጥም ገፍታ ዘጋችው።