በምድጃው ሥር ያለው ነጭ ድንጋይ

እንግዶቹ ዳቦ ቤቱን ሊመርቁ በመጡበት ጠዋት የምድጃው ጉድጓድ የብረት በር ሲከፈት መጀመሪያ የታየው የሰው እጅ ነበር። የግንበኛው የበሪሁን እጅ። የቀረው አካሉ በተናደ ድንጋይ ተቀብሯል።

ሀርጌሳ ከፍርስራሿ በምትነሳበት በዚያ ዘመን፣ የሼክ ኑሩ አዲስ ዳቦ ቤት የከተማው ሁሉ ወሬ ነበር። ከምድጃው ሥር ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይ ተሞልቷል፤ ድንጋዩ የእሳቱን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ንጋት ላይ በጥቂት ከሰል ይጋገራል ተብሎ ነበር።

በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ዙሪያውን በጭቃ ተለስኖ ነበር። እንግዲህ ገዳይ አለ። ጣት የተቀሰረው በዘበኛው በአደን ላይ ነው፤ ከሟቹ ጋር በውሃ ሰበብ ተጣልተው ነበርና። ከሟቹ ጋር የሚሠሩት የእኛዎቹ ሐበሾች አንድ አፍ ሆኑ፤ በሰው አገር ሲኮን አንድ አፍ መሆን ይቀናል። አደን በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

መርማሪዋ ሲራድ ግን አልቸኮለችም። በስደት ድሬዳዋ ያደገች ሴት ናት፤ አማርኛዋም የድሬ ነውና ትንሽ ትልቁን «አንተ» ትላለች። መጀመሪያ እስር ቤት ሄደች።

«ወላሂ አልነካሁትም» አላት አደን። «ሥራ የገባሁት መሽቶ ነው። በሩ ተለስኖ፣ ብረቱም ቀዝቅዞ ነበር።»

ከዚያ የግንበኞቹን አለቃ ሰይፈን ጠራችው።

«በሪሁንና አደን ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«በሩን የለሰንከው አንተ ነህ?»

«እኔ ብለስነው እንዲህ ይሰነጣጠቃል? የጋለ ብረት ላይ ጭቃ በስሱ ነው የሚቀባው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይደገማል። ይሄ እንደ ገንፎ ተለጥፎ!»

ሙያው ተነክቶበት ነው እንጂ ይህን ባይናገር ይመርጥ ነበር። ወዲያው ከንፈሩን ነከሰ።

የመጨረሻው ተጠያቂ ምድጃውን ያሠራው የእርዳታ ድርጅት መሐንዲስ ኬብሮን ነበር፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ።

«ድንጋዩ ላብራቶሪ ገብቶ፣ በመጭመቂያ ተፈትኖ ያለፈ ነው።»

«ሲፈተን ግሎ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ?»

መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ቀዝቃዛ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ሲራድ ሁሉንም ዳቦ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። አደን በካቴና፣ የሟቹ ሚስት ብሩክታይት በጥቁር ነጠላ። ማንደጃ ላይ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ፣ ሲግል አድሯል።

«ፕላኑ ጥቁር ድንጋይ ይላል» አለች። «ጥቁሩ ከሩቅ ስለሚመጣ የምረቃው ቀን እንዳያልፍ በቅርብ በሚገኘው ነጭ ተተካ።» በመዶሻ ጥቁሩን መታችው፤ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ነጩን ገና ስትነካው ዱቄት ሆነ።

«ጀሶ!» አለ ሰይፈ ሳያስበው።

«የጀሶ ድንጋይ ነው። ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ነው፣ ሲግል ግን ይፈርሳል። ምድጃው በተሞከረ ቁጥር ከሥር እየደቀቀ ወለሉ ሰመጠ። እንግዶቹ ሳያዩት ይሞላ ተብሎ በሪሁን ገባ፤ ተናደበት። ጭቃው የተሰነጣጠቀው ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ ስለተለጠፈ ነው። አደን ሥራ የገባው ግን መሽቶ፣ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ስለዚህ እሱ አይደለም። ግንበኛ ደግሞ እንዲህ አይለስንም። ወለሉ መስመጡን መደበቅ የሚያስፈልገው ድንጋዩን መርጦ ያስፈተነው ሰው ብቻ ነው።»

ሰይፈ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ኢንጂነሩ የእጁን ጭቃ ሲታጠብ አይቻለሁ። የአገሬን ልጅ ገመና በሰው አገር አላወጣም ብዬ ነው። ይኸው ንጹሕ ሰው አሳሰርኩ። አፈር ልብላ!» አደንን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ሞቷል ብዬ ነው» አለ ኬብሮን። «ምረቃው እስኪያልፍ ብዬ… ከዚያ አወጣዋለሁ ብዬ። እንግዶቹ በሩ ይከፈት ይላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

ሲራድ የተነቀለውን በር ገልብጣ አሳየችው። በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ በሾለከው ጭቃ ላይ አራት ጣት ታትሟል።

«ጭቃ ከደረቀ በኋላ ጣት አይታተምበትም» አለች። «ስትለስንበት በሕይወት ነበር።»

መሐንዲሱ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ብሩክታይት ቀረብ ብላ ከፊቱ ቆመች። ዓመት ሙሉ የመሐንዲሱን ልብስ ስታጥብ የኖረች ሴት ናትና ያን ጊዜም አንቱታዋን አልተወችም።

«በሩን ሲዘጉ ስሙን ጠርተውት ነበር?»

«አልጠራሁትም።»

«ለምን?»

«ሠራተኞቹ ገና ከግቢው ወጥተው አላለቁም ነበር። ብጣራ ይሰሙኛል ብዬ… አፈርኩ።»

«እሱም ይሰማዎት ነበር» አለች።