ሊፍቱ አይሠራም

ቅዳሜ ኦክቶበር 19፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር። ማይሊስና ጓደኛዋ ኮረንታን ኮረብታው ላይ ወዳለው ካቴድራል ከሚያወጡት ከረጅሙ ደረጃና ከሊፍቱ ሥር ቆመዋል፤ ተራው የማይሊስ ነው።

በሞንክሌር ግንብ ሥር ካለው የመኪና ማቆሚያ አንዲት አሮጊት በወረቀት የተሸፈነ ነገር ታቅፈው መጡ።

«በይ እንግዲህ፣ መጡልሽ!» ኮረንታን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«ልጆች፣ ካቴድራሉ በየት በኩል ነው?»

«በደረጃው ነው እማማ። ሊፍቱ ተበላሽቷል» አለች ማይሊስ፣ ሳቋን ውጣ።

ሴትዮዋ ደረጃውን ሽቅብ አዩት። «ይሁን እንግዲህ። ተባረኪ ልጄ።»

ጨዋታቸው ይህ ነበር። እንግዳውን በደረጃው ይሰዱና እነሱ በሊፍት ይወጣሉ፤ ከዚያ እያለከለከ ሲደርስ ይስቃሉ።

ከላይ ሆነው ሲያዩ ሴትዮዋ መሃል ላይ ቆመዋል። ነፋስ ወረቀቱን ገለጠው። ነጭ ክሪሳንተም ነው፣ ከነማሰሮው። እዚህ አገር ያንን አበባ ለመቃብር ካልሆነ ማንም አይሸከመውም።

«ለቀብር እኮ ነው የመጡት!» አለች ማይሊስ።

«ታዲያ ምን ያስቸኩላቸዋል? ሟቹ አይሄድባቸው!» አለ ኮረንታን።

ማይሊስ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። «ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«ወንድሜ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ክንዷን ተደግፈው። «መንገድ አዘገየኝና ጸሎቱ አመለጠኝ። ሣጥኑን እንኳ ነክቼ ብሰናበተው።»

ጥቂት ደረጃ ሲቀራቸው ደወሉ ተደወለ። ማይሊስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ሣጥኑ ወጥቷል ማለት ነው። ሲደርሱ የሬሳ መኪናው በር ተዘግቶ ነበር። ሴትዮዋ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። መኪናው ቀስ ብሎ ከእጃቸው ሥር ወጣ።

ጥቁር የለበሰች የእህታቸው ልጅ መጥታ አቀፈቻቸው።

«ይቺ ልጅ ባትደግፈኝ እዚህም አልደርስም ነበር» አሏት አሮጊቷ። «እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ!»

የእህታቸው ልጅ የማይሊስን እጅ ያዘች። «በጣም ነው የማመሰግንሽ፣ የኔ ቆንጆ።»

የማይሊስ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። አሁን ዞር ብላ ብትሄድ ማንም የሚያውቅባት የለም። ኮረንታን ከማዶ ሆኖ «ነይ» እያለ ይጠቅሳታል።

«ሊፍቱ ይሠራል» አለች። «ልንስቅባቸው ብለን ነው። የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።»

የእህታቸው ልጅ የማይሊስን እጅ ለቀቀች። ከዚያ አበባውን ተቀበለቻት።

አመሻሽ ላይ አሮጊቷ ከቀብር ተመልሰው በሊፍቱ ወረዱ። ማይሊስ በደረጃው ወረደች።