የግራ ኪስ ጥይቶች

ዋይኖ ሃርዩ በአደን ወቅት መክፈቻ ቀን፣ በራሱ የአደን ማማ ሥር፣ በራሱ ጠመንጃ ሞቶ ተገኘ ብለው ሲደውሉላት፣ የአደን ተቆጣጣሪዋ ሄልሚ ካንጋስ መጀመሪያ ያለችው «ውሸት ነው» ነበር።

እርግጥ በዚያ አገር፣ አጋዘን የሚታደንበት ሰሞን፣ ውሸት እንደ በረዶ ነው። ከሰማይ ይወርዳል፤ ማንም አይከፍልበትም። ይሄኛው ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ዋይኖ ሹካ ሲያነሣ እንኳ ሾሉን ወደ ሰው የማያዞር፣ የአካባቢውን ልጆች በሙሉ የጠመንጃ ጥንቃቄ ያስተማረ ሽማግሌ ነው። የእሱን ትምህርት ያላለፈ የአደን ፈቃድ አያገኝም። ሄልሚንም ያስተማራት እሱ ነው። «የጎረሰ ጠመንጃ ወደ ማማ አይሳብም!» እያለ ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታ ከመኖሩ የተነሣ፣ ጠረጴዛው ራሱ ፈቃድ ሳያወጣ አልቀረም ይባላል።

ስትደርስ ዋይኖ በረዶው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ብርቱካናማ ሰደርያው ደረቱ ላይ ጠቁሯል። ጠመንጃው ከማማው በተንጠለጠለው ገመድ ታስሮ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ እያየ፣ በነፋስ ቀስ ብሎ ይዞራል።

«ግልጽ ነው» አለ ሸሪፍ ትሬቫሮ፣ እጁን እያፋተገ። «ማማው ላይ ወጣ። ጠመንጃውን ሳበ። ቃታውን ቅርንጫፍ ያዘው። ዷ! አጎቴ እንደዚሁ ነው የሞተው፤ ያውም ሳይጠጣ።»

«አጎትህን ዋይኖ አላስተማረውም።»

«ሰው ያረጃል፣ ሄልሚ።»

ተንበርክካ አየች። ዱካ መፈለግ ከንቱ ነበር፤ መጀመሪያ አስከሬኑን ያገኘው ሬይኖ ላምፒ፣ ከዚያ ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ክሎቪስ ቡሼ፣ ከዚያ የሸሪፉ ሰዎች፣ በረዶውን እንደ ሠርግ ቤት ደጃፍ አቡክተውታል። ጥይቱ በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጥቷል፤ መግቢያውና መውጫው እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ኪሶቹን ዳሰሰች። ቀኝ ኪሱ ውስጥ ያልተነካ የጥይት ፓኮ አለ። ግራ ኪሱ ውስጥ ያልተተኮሱ ነጠላ ጥይቶች አገኘች።

እጇ ግራ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቆየች።

ሰዎቹ ሬሳውን ቃሬዛ ላይ ሲያወጡት ካፖርቱ ከኋላ ተሰበሰበ። ባለ አራት ማዕዘን ቀይ ሸሚዙ ወገቡ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። የኋላ ዘርፉ የለም። በዚያ አገር አጋዘን ተኩሶ የሳተ ሰው ሸሚዙ ይቆረጣል፤ ሲስት ያየው የጎጆው ባልደረባ በቢላ ዘርፉን ቆርጦ የአዳኞቹ ጎጆ ግድግዳ ላይ ይቸነክረዋል። ባለቤቱ እስኪሞት ይሳቅበታል፤ ከሞተም በኋላ ይሳቅበታል። ሄልሚ ካፖርቱን ወደ ታች ሳበችና ሸፈነችው።

ከማማው ትይዩ ያለችው ነጭ በርች ዛፍ ላይ አዲስ የጥይት ቀዳዳ ነበር። ከሥሩ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ዘልሎ የሮጠበት ኮቴ ይታያል። የደም ጠብታ አልነበረም።

ክሎቪስ ቡሼ ከጭነት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ከፔርሙዝ ቡና ይቀዳል። አደን የሚወደውን ያህል ፈቃድ ማውጣት የሚጠላ፣ ዋይኖ «በመሬቴ ዝር እንዳትል» ብሎ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያባረረው ሰው ነው።

«ፈቃድህን አሳየኝ» አለችው።

«ቤት ረሳሁት።»

«ባለፈው ዓመትም ቤት ነበር።»

«ታዲያ ከቤት የማይወጣ ጨዋ ፈቃድ ነው።» ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ሄልሚ፣ በእኔ እንደሚያላክኩ አውቃለሁ። ማንም አያምነኝም፤ እኔም ራሴን ብዙ አላምንም። ግን ሁለት ጊዜ ነው የተተኮሰው። አንዱ ገና ጎህ ሲቀድ። ሌላው ቆይቶ፣ እኔ ቁርሴን ስበላ። ሁለቱም ከዚህ።»

«በመካከሉስ?»

«ሳቅ ሰማሁ።»

«ሳቅ?»

«የሽማግሌ ሳቅ። ወንዙ ማዶ ሆኜ ቀናሁባቸው።»

የዋይኖ ልጅ ኢርማ ከመኪናዋ አልወርድም ብላለች። ሄልሚ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለችላት።

«ሰኞ ሊፈርም ነበር» አለች ኢርማ፣ መሪውን እንደያዘች። «ጉልበቱ ከዳው፤ ከተማ እኔ ጋ ሊገባ ነበር። ጫካውን ለታች አገር ሰዎች የአደን ክበብ ሊሸጠው ነበር። ለሬይኖ ዛሬ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር። ነገረው አልነገረው፣ እንጃ።»

ዙሪያውን ያለው መሬት ሁሉ ተሽጦ «መግባት ክልክል ነው» ተለጥፎበታል። ከመንገዱ እስከ ወንዙ ያለው የዋይኖ ጫካ ብቻ ነው ክፍት የቀረው። የመንደሩ ሰው የክረምት ሥጋውን የሚያገኘው ከእሱ ነው። የሄልሚ አባትም፣ የሄልሚ አያትም፣ ሄልሚም።

«አሁን የኔ ነው» አለች ኢርማ። «እኔ አልሸጥም። አባዬ እዚህ፣ የሚወደውን ሲያደርግ ከሞተ፣ ሰዎቹ ያድኑበት። እንደድሮው ክፍት ይሁን።» ቀና ብላ አየቻት። «በአደጋ ነው የሞተው፤ አይደል፣ ሄልሚ?»

«ልጨርስና እነግርሻለሁ።»

ሬይኖ ላምፒ ጎጆው ውስጥ ምድጃው ዳር ተቀምጧል። ከዋይኖ ጋር አብረው አድገዋል፤ አብረው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ገብተዋል፤ እዚያው ሳውና ውስጥ ተጣልተው እዚያው ታርቀዋል። ከኋላው ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በሸሚዝ ዘርፍ ተሸፍኗል፤ የደበዘዘ፣ ብል የበላው፣ ስም የተጻፈበት።

«ምን ሆነ፣ አጎቴ ሬይኖ?» አለችው፤ እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ አጎቴ ነው የምትለው።

«ጨለማው ሳይገፍ ሁለታችን ብቻ ወጣን። እሱ ወደ ማማው፣ እኔ ወደ ማማዬ። ጎህ ሲቀድ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ‹ቀናው› አልኩ። ለምሳ ሲቀር ሄድኩ።» እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። «የዚያችን አጋዘን ታሪክ ነግሮሽ ያውቃል? ሐይቁ በረዶ ላይ ቆማ ያያትን?»

«ጥላዋ ከብዶት በረዶው የተሰነጠቀውን?»

«ጥላዋ ከብዶት!» ሳቀ፤ ሳቁ መካከል ላይ ተሰበረ። «እንዲህ ያለ ውሸት ማን ይነግረኛል ከእንግዲህ?»

«ከወጣችሁ በኋላ በሕይወት አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

ሄልሚ ግድግዳውን አየች። በመካከሉ የዋይኖ አባት ዘርፍ አለ፤ ከዘመን ብዛት እንደ አመድ የገረጣ። ሁሉም ከእንጨቱ ጋር ተጣብቀው ሳለ፣ እሱ ብቻ ከሥሩ እብጥ ብሏል። የተቸነከረበት ሚስማር አዲስ ነው፤ ያብለጨልጫል።

«ምነው ባላየሁት» አለች በልቧ።

በር ላይ ትሬቫሮ ክንዷን ያዘ። «ስሚኝ። እኔም እዚህ ነው የማድነው። ኢርማ ክፍት ይሁን ብላለች። መዝገቡ ያለው አንቺ እጅ ነው፤ አደጋ ብለሽ ጻፊና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሂድ። ዋይኖ እንደሆነ አይነሣ።»

ሄልሚ ለረጅም ጊዜ ጫካውን አየች። እውነቱን ትናገራለች ብሎ የሚጠብቃት ሰው አንድም አልነበረም። ካስተማራት ሽማግሌ በስተቀር።

«ሁሉንም ጥራቸው» አለችው።

ኢርማ በሩ ሥር ቆመች። ክሎቪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የአዳኞቹን ጎጆ ደፍ ተሻገረና ዙሪያውን ቃኘ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የተከለከልኩት ለዚህች የአይጥ ቤት ነው?»

«ዝም በል፣ ክሎቪስ» አለ ትሬቫሮ።

ሄልሚ ጠረጴዛው ዳር ቆመች። ዋይኖ የሚያስተምረው እንደዚያ ቆሞ ነበር።

«ሰው ከማማ ላይ ሆኖ ወደ ታች እያየ ጠመንጃ ሲስብ ቢመታ፣ ጥይቱ ከታች ገብቶ ከፍ ብሎ ይወጣል» አለች። «ዋይኖን የመታው ጥይት ቀጥ ብሎ ነው ያለፈው። መሬት ላይ ቆሞ ነበር። የመታውም መሬት ላይ ቆሞ ነበር።»

ኢርማ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ሁለተኛ። ዋይኖ ምን ብሎ ነበር የሚያስተምረን፣ ሸሪፍ? ጠመንጃ ውስጥ ገና ያልገባ ጥይት የት ይቀመጣል?»

«ቀኝ ኪስ።»

«ሳይተኮስ ከጠመንጃ የወጣውስ?»

ትሬቫሮ ሳይወድ መለሰ። «ግራ ኪስ።»

«ግራ ኪሱ ውስጥ ጥይት አለ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎታል። ዋይኖ ከማማ ሲወርድም፣ ለሰው ሊያስይዝም ሲል ጠመንጃውን ሁልጊዜ ባዶ ያደርጋል። እሱ ባዶ ያደረገውን ሌላ ሰው አጉርሶ ተኮሰ፤ ከዚያ ገመዱ ላይ አሰረው።»

«ክሎቪስ!» አለ ትሬቫሮ።

«ለእኔ ማንኪያ እንኳ አያስይዘኝም ነበር!»

«እውነቱን ነው» አለች ሄልሚ። «ስለ ሁለቱ ተኩስም እውነቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ዋይኖ አጋዘን ተኩሶ ሳተ። ጥይቷ በርቹ ላይ አለች፤ በረዶው ላይ ደም የለም። አንድ ሰው ሲስት አይቶት መጣ። ሳቁ። ዋይኖ ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ አስያዘው፣ ካፖርቱን ገልቦ ጀርባውን ሰጠው። ሸሚዙ ተቆርጧል፣ ኢርማ። ሸሚዝ የሚቆርጥ የጎጆው ባልደረባ ብቻ ነው። ክሎቪስ ባልደረባ አይደለም። አንቺ ዛሬ ከመኪናሽ የወረድሽው ገና አሁን ነው።»

ማንም ወደ ሬይኖ አላየም። ሬይኖ ምድጃውን ያያል።

«የቆረጠው ሰው ዘርፉን እዚህ ምድጃ ውስጥ ቢጥለው ኖሮ እኔ ምንም አልይዝም ነበር» አለችና ወደ ግድግዳው ሄዳ የዋይኖን አባት አሮጌ ዘርፍ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ባለ አራት ማዕዘን ቀይ ጨርቅ ብቅ አለ፤ ገና እጥፋቱ ያልተዘረጋ። «ለምን አላቃጠሉትም፣ አጎቴ ሬይኖ?»

ሬይኖ እንደተሰደበ ሰው ቀና አለ።

«የሸሚዝ ዘርፍ ይቃጠላል እንዴ?»

የምድጃው እንጨት ተሰነጠቀ።

«ስንስቅ ነበር» አለ ሬይኖ። «አጋዘኑ እንደ ቤት ቆሞለት ነው የሳተው። ቆረጥኩለት። ኪሴ ከተትኩት። ካፖርቱን ቆልፎ ዞረና፣ ‹ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ሰኞ እፈርማለሁ› አለኝ። ‹እኛስ?› አልኩት። ‹ሁሉም ነገር ያልቃል፣ ሬይኖ› አለኝ። እንዲህ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ሌላ ምን አለኝ? ሚስቴ የተቀበረች ዕለት እንኳ ከቀብር የመጣሁት ወደዚህ ነው።»

«ጠመንጃው ባዶ ነበር» አለች ሄልሚ ቀስ ብላ።

«ባዶ አድርጎ ነው የሰጠኝ። ከራሴ ኪስ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሳጎርስ እያየኝ ነበር፣ ልጄ። ‹አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙር፣ ሬይኖ› ነው ያለኝ። ሳይቆጣ። እንደ ተማሪ።» ወደ ኢርማ ዞረ። «አንቺ እንደማትሸጪው አውቅ ነበር። ሕፃን ሆነሽ እዚህ ወለል ላይ ተኝተሻል። ክፍት ይሁን ብዬ ነው። ለሁሉም ሰው።»

ኢርማ አላለቀሰችም። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ የአያቷንም፣ የአባቷንም፣ የሄልሚን አባትም፣ የትሬቫሮንም ዘርፍ።

«ሸሪፍ» አለች፣ «ሰንሰለት የት ነው የሚሸጠው?»

«ኢርማ፣ ሰዎቹ እኮ ምንም አላ...»

«ወፍራሙን ነው የምፈልገው።»

ሬይኖ ሲወስዱት ሄልሚን አንድ ነገር ለመናት፤ ጨርቁን ከግድግዳው እንዳትነቅለው። ነቀለችው። ማስረጃ ነው። የዋይኖ አባት ዘርፍ ብቻውን ሚስማሩ ላይ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ ቀን የመንደሩ ሰው ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ፣ ፈቃዱን ኪሱ አድርጎ፣ እንደ ልማዱ መንገዱ ዳር መኪናውን አቆመ። ማንም አልወረደም። ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለውን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሲያዩ ቆዩና አንድ በአንድ አዙረው ሄዱ። ሬይኖ ክረምቱን አልጨረሰም፤ እስር ቤት ሞተ። ሄልሚ ግን በሥራዋ ላይ ናት፤ ሰንሰለቱን የምትጠብቀው እሷ ነች።

ክሎቪስን ከሰንሰለቱ ወዲያ፣ የዋይኖ ማማ ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ፈቃድ የለውም። ጠመንጃም አልያዘም። ፔርሙዙን ብቻ ነው የያዘው።

«ልቀጣህ ነው፣ ክሎቪስ።»

«ቅጪኝ። ለኔማ ምን ተለወጠ? እኔ ድሮም የተከለከልኩ ነኝ።» ቡናውን በክዳኑ ቀዳላት። «ተቀመጪ እስቲ። አሁን ሁላችሁም እንደኔ ሆናችኋል።»

ሄልሚ የቅጣት ወረቀቱን አወጣች። እስክሪብቶው በብርዱ ደርቆ አልጽፍ አላት። የአዳኞቹ ጎጆ ከዛፎቹ በስተኋላ ትታያለች፤ በሯ በጣውላ ተቸንክሯል፣ ጭስ ማውጫዋን በረዶ ውጧታል፤ የሄልሚ አባት የሸሚዝ ዘርፍም እዚያው ውስጥ ቀርቷል። እስክሪብቶውን ብብቷ ሥር ከትታ እስኪሞቅ ጠበቀች። ከዚያ ጻፈች።