«እስማማለሁ» የለመደ ጣት

«ስልኬ ጋሽ ፈለቀን በላብኝ!» አሉ እትዬ ታንጉት፣ ገና ከበሩ ላይ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ።

ሳምሪ የፊዚክስ ደብተሯን ከድና ብድግ አለች። የጎረቤታቸው የእትዬ ታንጉት ባል ጋሽ ፈለቀ ካረፉ ቆይተዋል። ስልኩ ውስጥ የነበረው ፎቶ ዋጫ በሚባል ቦታ፣ ቀፎ ከሰቀሉበት ዛፍ ሥር ቆመው፣ ማር በነካው ጢማቸው ሲስቁ የተነሱት ነው። ሌላ የሚስቁበት ፎቶ የላቸውም፤ ካሜራ ሲያዩ እንደ ዳኛ ኮስተር ይሉ ነበርና።

«ጠዋት አይቻቸው ነበር፤ አሁን የሉም። እስቲ ፈልጊልኝ የኔ ልጅ፤ አንቺ መላ አታጪም።»

ሳምሪ ስልኩን ተቀበለችና ክው አለች። የሰፈሩን አዲስ ስልክ ሁሉ የምትከፍተው እሷ ናት። ስልኩ አካውንት ሲጠይቅ የራሷን ታስገባለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ሲከፍት ማን ይውላል? «እስማማለሁ» የሚል ሲመጣም ትጫናለች። በዚህ የተነሳ የጎረቤቱ ፎቶ ሁሉ እሷም ስልክ ላይ ይግተለተል ነበር። ዛሬ «ቦታ ሞልቷል» ሲላት፣ የራሷ ያልሆኑትን ሳታይ ጠቅልላ አጠፋቻቸው። ከራሷ ስልክ ብቻ የሚጠፉ መስሏት ነበር። አካውንቱ ግን አንድ ነው፤ ከአንዱ ሲጠፋ ከሁሉም ይጠፋል።

አብሯት ሊያጠና የመጣው የክፍል ጓደኛዋ ዮናታን ስታጠፋ አይቷት ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «አታካብጂ» አላት። «ከስልኩ መጣያ መልሺውና ካምፓኒው ነው ያጠፋው በያቸው። ለመላው ዓለም ስልክ የሚሸጥ ካምፓኒ በእኛ ሊቀየም ነው?»

እውነትም ፎቶዎቹ መጣያው ውስጥ ነበሩ። ስትመልሳቸው ጋሽ ፈለቀ ከነሳቃቸው ብቅ አሉ። እትዬ ታንጉት ስክሪኑን ሳሙት።

«ተባረኪ! ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው? ያ የሠራው ካምፓኒ ነው ያጠፋው? ሰው እኮ እሱ ሁሉን ያያል ይላል።»

ዮናታን በዓይኑ ጠቀሳት። አዎ ብትል ምን ቸገራት! ነገም «ሳምሪ ታውቃለች» መባሏ ይቀጥላል፤ ይህን መባል ደግሞ በጣም ትወዳለች። እትዬ ታንጉትን ግን ከዚያም በላይ ትወዳለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ስልክዎን በእኔ አካውንት ነው የከፈትኩት። ፎቶዎ ሁሉ እኔም ጋ ይመጣ ነበር። የእኔን ሳጠፋ የእርስዎም ጠፋ።»

እትዬ ታንጉት ስልኩን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ካምፓኒውን እኮ የት አገር እንዳለም አላውቀውም» አሉ። «እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«በይ አታልቅሺ። የጎረቤታችን የትርንጎም ስልክ እንዲሁ ነው?»

«የሁሉም።»

«እንግዲያው ነገ ቤት ለቤት ትዞሪያለሽ፤ ጃንጥላዬን አውስሻለሁ። አሁን የራሴን ክፈቺልኝ» አሉና መነጽራቸውን አወጡ።

ሳምሪ ፎቶዎቹን ስልኩ ላይ አስቀረችና የራሷን አካውንት አወጣች። ስልኩን ወደ አማርኛ ቀይራ ለእትዬ ታንጉት አዲስ መክፈት ጀመረች። የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ስልኩን ለእሳቸው ሰጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምነው?»

«እኔም እንዳላየው።»

እትዬ ታንጉት በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ፤ ሳምሪ ዞራ ታነብላቸው ጀመር።

«ያሉበትን ቦታ ልወቅ ይላል።»

«ቦንጋ ነኝ በይው። ከዚያ ወዲያ ምን አገባው?»

«ድምፅዎን ልቅዳ ይላል።»

«ማን አስተዋወቀን?»

ዮናታን ሳቁ አመለጠው።

«ፎቶዎችዎን እኔ ጋ ላስቀምጥልዎ ይላል። ስልኩ ቢሰበር እንኳ አይጠፉም።»

እዚህ ላይ እትዬ ታንጉት ቆም አሉ። «ጋሽ ፈለቀን ለእሱ ልስጥ? አንቺስ ታምኚዋለሽ?»

የሳምሪ ጣት እንደ ልማዱ ወደ «እስማማለሁ» ሄደ። ከላዩ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ያን ሁሉ ስልክ ስትከፍት አንድም ቀን አንብባው አታውቅም። ጣቷን መለሰች።

«እኔ እንጃ» አለች። ሰፈሩ ይህን ከሳምሪ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ወንበሯን አስጠግታ ስልኩን መሃላቸው አስቀመጠችው። «ከላይ ጀምረን እናንብበው።»