አስካለ የደረደረችው ፍልጥ

ይመኑ ወፍጮ ቤቱን የሚከፍተው ወፍ ሲንጫጫ ነው። የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጎ ያማትባል፤ ወለሉን ይጠርጋል፤ ከዚያ ሚዛኑ ልክ መሆኑን ለማየት ራሱ ይወጣበታል። ስልሳ ስምንት ኪሎ። ሚስቱ አስካለ ከሞተች ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ መርፌው ከስልሳ ስምንት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ሐዘን እንኳ አላከሳውም፤ በዚህም በልቡ ያፍር ነበር።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን አንድ ጠዋት መርፌው ስልሳ አራት ላይ ቆመ። «ጾሙ ነው» አለ ለራሱ።

አቧራውም የጀመረው ያን ሰሞን ነው። የወፍጮ ሰው ከዱቄት ጋር ይኖራልና መጀመሪያ ልብ አላለውም፤ የጤፉም የማሽላውም ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተኝቶ ማምሸቱ ልማድ ነው። ይሄኛው ግን ግራጫ ነው። ሲያራግፉት አይበንም፣ ይቀባል፤ ሲያሸቱት የእህል ጠረን የለውም፣ ዝናብ የመታው ምድጃ ይሸታል። ትራሱ ላይ፣ አንገትጌው ውስጥ፣ በመዝሙረ ዳዊቱ ቅጠሎች መሃል፣ ጣቱ ባረፈበት ሁሉ ተገኘ።

«አንተ ይመኑ፣ ምን ስታነድ ነው የምትውለው? ጭስ ጭስ ትሸታለህ እኮ!» አለችው ጎረቤቱ እትዬ ዘርትሁን፣ ማሽላዋን ልታስፈጭ መጥታ። «አግባ ብዬህ ነበር። ወንድ ብቻውን ምድጃ ሲነካ እንዲህ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ይመኑ አልሳቀም። ምድጃ ከነካ ሦስት ቀኑ ነበር።

አስካለ ናት፣ ብሎ አሰበ።

አስካለ መቃብር ትፈራ ነበር። የአባቷን አፅም በሰባት ዓመቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ፉካ ሊያዛውሩ ሲያወጡት፣ በጀርባው የተቀበረው ሰውዬ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ይህን በዓይኗ አየች። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቷ ህንዳዊ መምህር ሚስቱ ሞታበት፣ ቦርከና ወንዝ ዳር እንጨት ረብርቦ አቃጠላት። የከተማው ሰው እያማተበ ሲሸሽ አስካለ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። «ጀንበር ሳትጠልቅ አለቀ» ትል ነበር ካደገች በኋላም። «ታች ሆኖ የሚጠብቅ ሰው አልቀረም።»

ስትታመም፣ አቅሟ ሳይከዳት፣ ጓሮ ወጥታ የባሕር ዛፍ ፍልጥ በገዛ እጇ ደረደረች። ከዚያ እጁን ይዛ፣ አፈር እንዳያለብሳት፣ በዚህ ፍልጥ እንዲያቃጥላት አስማለችው። ይመኑ ሊያረጋጋት ብሎ፣ ሊፈጽመው ግን ለአፍታም ሳያስብ፣ ማለላት። «ቃሌን ብበላ አመድ ያድርገኝ!» አላት። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ካህናቱ ፍትሐት ጀመሩ፣ ይመኑ አፉን አልከፈተም። ሚስቱን አነደዳት መባልን ፈራ። አፈር አለበሳት። ፍልጡም ቢሆን አልተረፈም፤ የአርባዋ ተዝካር ወጥ የተሠራው በእሱ ነው። ደግ እንጨት ነው፣ ጭስ የለውም፣ ተባለ። እሱም ቀርቦ በላ።

አቧራው ሲብስበት ለንስሐ አባቱ ለአባ ተስፋ ሐዋርያት ነገራቸው። «ለምድር መስጠትህ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ በእሱ አትጠየቅም» አሉት። መስቀላቸውን አገላበጡና፣ «መሐላው ግን ያንተ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ስልሳ አራቱ ሃምሳ ሆነ፣ ሃምሳው ሠላሳ አንድ። ሸሚዙ ግን አልሰፋውም፤ ቀበቶውም ከቀዳዳው አልተዛወረም፤ ከሳህ ያለው ሰው የለም። ሞተሩ ሲጠፋና ወፍጮ ቤቱ ጭር ሲል፣ በጣም ቅርብ ከሆነ ቦታ፣ እርጥብ ፍልጥ እሳት ሲይዘው የሚያሰማው ዓይነት ጠስ ጠስ ይሰማው ጀመር። ከጆንያው ኋላ ፈለገ፣ ከጣሪያው ሥር ፈለገ። ትንፋሹን ሲይዝ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሲተነፍስ ይብሳል።

ኅዳር ላይ ሰባት ዓመት ሞላትና አፅሟ የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ይመኑ ሳጥኑ አመድ ሞልቶት እንደሚያገኘው አልተጠራጠረም፤ ተንበርክኮ ይቅርታ ሊለምናት ሌሊቱን ሲጸልይ አድሯል። ቆፋሪው እሸቴ በጠራራው ፀሐይ መክደኛውን አነሳ።

«ኧረ እዩልኝ!» አለ እሸቴ። «ስንት አፅም አውጥቻለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። እንደተገነዘች ነው ያለችው። የአውራ ጣቷ ክር እንኳ አልተፈታም። ምድር ወዳታለች፣ ጋሼ።»

ይመኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ቅንጣት አመድ የለም። አፅሟ ንጹሕ ነው፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ጠረን ዝናብ የጠጣ አፈር ነው። ታች ሆና የምትጠብቅ አትመስልም፤ የተኛች ትመስላለች። «ይቅር በይኝ» አለና አፅሙ የሚጠቀለልበትን አዲስ ነጭ አቡጀዲ በመዳፉ ዳበሰው። እጁን ሲያነሳ የአምስት ጣቶቹ ቅርጽ ጨርቁ ላይ ቀረ፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ አንድ እፍኝ የሚሞላ።

ወፍጮ ቤቱ ሲመለስ ፀሐይዋ በቆርቆሮው ሽንቁር እየገባች ነበር። ጠስ ጠሱ አልነበረም፤ ያለቀ ይመስላል። ሚዛኑ ላይ ወጣ። መርፌው ከዜሮ አልተነቃነቀም። ወረደና ሚዛኑን ሊፈትሽ የሃያ ኪሎውን ብረት ለማንሳት ሞከረ፤ ጣቶቹ ብረቱን አልያዙትም። ተመልሶ ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይመኑ! አለህ?» አለች እትዬ ዘርትሁን ከደጅ።

«አለሁ» አላት።

ገባች፤ ጆንያዋን አወረደች፤ ዙሪያውን ቃኘች፤ ዓይኗ እሱ የቆመበት ሚዛን ላይ አረፈ፤ «ምነው ዛሬ ሳይጠርግ ወጣ» አለችና መጥረጊያውን አነሳች።