የኔቬና የእንጆሪ ሣጥኖች

ኔቬና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው በሰርቢያ ኮረብታዎች መካከል፣ ከወንዙ በላይ ነበር። አባቷ ራዲሳቭ እንጆሪ ያመርታል። በየበጋው ምርቱን ከተማ ላለ የማቀዝቀዣ መጋዘን በውል ያስረክባል። ውሉ ግልጽ ነው፤ እንጆሪው ጠንካራ፣ ደረቅና ሻጋታ የሌለበት ይሁን ይላል።

አንድ ጊዜ በለቀማው ወቅት ዝናብ በላይ በላዩ ጣለ። አባቷ የተበላሸውን ለይታ እንድትጥል አጥብቆ ነገራት። ኔቬና ግን ጓደኞቿ ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይሰማታል። መለየት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። ልጆች፣ ፈተና እኮ እየጮኸ አይመጣም፤ እንዲህ ቀስ ብሎ ነው። «ከሥር ያለውን ማን ያያል?» አለች በልቧ። የሻገተውን ከሥር፣ የሚያብረቀርቀውን ከላይ አድርጋ ሣጥኖቿን ቶሎ ቶሎ ሞላችና ወደ ወንዙ ሮጠች።

ጭነቱን የወሰደው የመጋዘኑ ሾፌር ኦብረን ነበር። ኦብረን የኔቬና የክርስትና አባት ነው። መጋዘን ሲደርስ መርማሪዎቹ ጥቂት ሣጥኖች ገለበጡ፤ ሻጋታ አገኙ። ውሉ ፈርሷል ብለው ጭነቱን በሙሉ መለሱት።

ራዲሳቭ በንዴት ጦፈ። ከላይ ከላይ ሲያየው ሁሉም ንጹሕ ነበራ! ስለዚህ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው አለ፤ ኦብረን መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ መጠጥ ቤት ቢቀመጥ ነው። መጋዘኑንም ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሸሚዜን ሸጬም ቢሆን እሟገታለሁ ይል ነበር። ኦብረን የትም እንዳልቆመ ቢምል የሚሰማው አጣ። የመጋዘኑ ባለቤትም ራዲሳቭ ከረታ ከሥራ ትባረራለህ አለው።

በመከር ወቅት የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ደረሰ። የበዓሉን የተባረከ ዳቦ ሁልጊዜ ከአባቷ ጋር የሚቆርሰው ኦብረን አልመጣም። ኔቬና የደረሳትን ቁራሽ ሳትቀምስ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ስትጸልይ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስትደርስ ምላሷ ይተሳሰር ጀመር። በመጨረሻ እውነቱን ለመናገር ቆረጠች።

የችሎቱ ዕለት ጠዋት አባቷ ኮቱን ሲለብስ በር ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ አባባ ኦብረን ምንም አላጠፋም። የሻገተውን ከሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

ራዲሳቭ ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ስለ ወንዙ ነገረችው። ፊቱ ቀላ። «ይህን ሌላ ሰው ያውቃል?» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ማንም አያውቅም።»

አያችሁ ልጆች? ፈተናው አሁን ወደ አባትየው ዞረ። ዝም ካለ ሊረታ ይችላል።

ኔቬና ከበሩ አልተነቃነቀችም። «ቅጣኝ አባዬ። አንተ ካልተናገርክ ግን እኔ ለዳኛዋ እነግራለሁ።»

አባቷ ትክ ብሎ አያት። «ጫማሽን አድርጊ» አለ።

ፍርድ ቤት ስሙ ሲጠራ ራዲሳቭ ተነሣና እንጆሪው ከቤቱ የወጣው ተበላሽቶ እንደሆነ ተናገረ፤ ክሱንም አነሣ። ዳኛዋ ማን እንዳበላሸው ጠየቁ። አባትየው አፉን ሳይከፍት ኔቬና ብድግ አለች፤ እኔ ነኝ ብላ ሁሉንም ተናገረች። ዳኛዋ የሙግቱን ወጪ ራዲሳቭ እንዲሸፍን አዘዙ። በዚህ የተነሣ ኔቬና ያሳደገቻት ጊደር ተሸጠች። አለቀሰች፤ አትሽጧት ግን አላለችም።

ከችሎቱ ሲወጡ ኦብረን ደረጃው ላይ ነበር። ራዲሳቭ እጁን ዘረጋ። ኦብረን አልጨበጠውም።

«አንድ ቀን እንኳ፣ ኦብረን እውነት ቆመህ ነበር ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም» አለው።

«አልጠየቅኩህም። በድዬሃለሁ» አለ ራዲሳቭ፤ አንገቱን ደፋ።

ኔቬና የኦብረንን እጅ ይዛ ሳመች። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ኦብረን እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ያንኑ እጁን ለአባቷ ዘረጋ።

በሚቀጥለው በጋ መጋዘኑ ውል የሰጣቸው ሣጥኖቻቸው አንድ በአንድ እየተገለበጡ እንዲታዩ ከተስማሙ በኋላ ነው። ኔቬና እፍረቷን ዋጥ አድርጋ በሰው ሁሉ ፊት ራሷ ትገለብጥ ነበር።

ልጆች፣ ጥፋታችሁን ሌላ ሰው እንዲሸከመው አትተዉ፤ የሚያስከፍላችሁ ምንም ይሁን ምን እውነቱን ራሳችሁ ተናገሩ።