መከለያውን የፈታው እጅ

በአናጢነት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሥሩም ጣቶቼ አሉ። ይህን የምነግራችሁ ልኩራባችሁ ብዬ አይደለም። ሰው ያስጎዳው ይኸው ኩራቴ ስለሆነ ነው።

የታናሽ እህቴ ባል የሒሳብ መምህር ነው፤ እንጨት መሥራት ነፍሱ ነው። ባለፈው ዓመት ከቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ጠራርጎ የጠረጴዛ መጋዝ አስገባባት፤ ከጠረጴዛው መሃል ብቅ ብሎ የሚሽከረከረውን ክብ መጋዝ ማለቴ ነው። የአጠቃቀም መመሪያውን እንደ ፈተና አጥንቶ ሲጨርስ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ና እስቲ እየው» ብሎ ጠራኝ።

የመጀመሪያውን ጣውላ ሲያስገባ ጫፉ የመጋዙን ስለት ከሚሸፍነው መከለያ ጋር ተጋጨና ቆመ።

«ይኼ ነገር ትንሽ ያስቸግራል» አለኝ።

«ፍታና ጣለው! ይኼ የጀማሪ ነው። እኔ ወርክሾፕ አንዱም መጋዝ ላይ አታገኘውም።»

«መመሪያው ግን እንዳይፈታ ይላል። ቀጭን እንጨት ደግሞ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ነው የሚገፋው ይላል።»

«እንግዲያው መመሪያው ይሰንጥቅልሃ!»

በር ላይ የቆመችው እህቴ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አንገቱን ደፋ። እኔ በገዛ እጄ ብሎኖቹን ፈትቼ መከለያውን ጥግ ወረወርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እህቴ ደወለች። ቃል አልነበራትም፤ ጩኸት ብቻ። ቤታችን ቅርብ ነውና በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

ስደርስ መጋዙ አሁንም እየጮኸ ይሽከረከራል። ደሙ ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በቀጥታ መስመር ተረጭቷል። አማቼ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጦ እጁን ሳይሆን እኔን ያያል። እህቴ ክንዱን በቀበቶ አስራ በሁለት እጇ ትጎትታለች።

«አጥፋው! ጋሼ፣ አጥፋው!»

ሶኬቱን ነቀልኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። ስንጥር እንዳይወጋው ብሎ የክር ጓንት አድርጓል። ቀጭን ጣውላ በእጁ እየገፋ ሳለ ስለቱ እንጨቱን ያዘና ወደ ኋላ ወረወረው፤ ሁለት የጎድን አጥንቱን ሰበረው። ከእንጨቱ ላይ ያመለጠው እጁ ስለቱ ላይ ወደቀ። ጓንቱ ተጠቀለለ፤ ጣቶቹንም እየሳበ አስገባቸው።

ተንበርክኬ ሰጋቱራውን ፈለፈልኩ። ሁለት ጣት አገኘሁ። ሦስተኛው ጣት መሆኑ እንኳ አይለይም ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ከትቼ፣ በረዶ ላይ አድርጌ፣ አማቼን ይዘን ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ቢላ ቢሆን እንሞክር ነበር። መጋዝ ግን አይቆርጥም፤ ያኝካል። መከለያ አልነበረውም?»

«ነበረው» አለ አማቼ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ የፈታሁት።»

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

«ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው» አልኩ። «የፈታሁት እኔ ነኝ።»

እህቴ ደረቴን በቡጢ መታችኝ። ደግማ መታችኝ። «ሳቅህበት! እኔም አብሬህ ሳቅሁበት!» እያለች እስክትዝል ደበደበችኝ። እጇን አልያዝኩትም።

አማቼ ዛሬ በግራ እጁ ሰሌዳ ላይ መጻፍ እየተማረ ነው። ተማሪዎቹ ጽሑፉን ማንበብ ቢያቅታቸውም አይነግሩትም።

እናንተ እቤታችሁ መጋዝ የተከላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። መከለያውን አትፍቱ። ቀጭን እንጨት በመግፊያ ዱላ ግፉ እንጂ እጃችሁን አታስጠጉ። ስለቱ ሲሽከረከር ጓንት አታድርጉ። እንጨቱ ቢወረወር እንዳያገኛችሁ ከስለቱ ትይዩ አትቁሙ፤ ወደ ጎን ፈንጠር በሉ። ስለቱን ከመንካታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

አደጋው በደረሰ ማግስት ወርክሾፔ ገብቼ መጋዞቹን በሙሉ አስቆምኩ። መከለያ ሳይገጠም ማንም ማሽን እንዳያስነሳ ለሠራተኞቼ ነገርኳቸው፤ የሆነውንም ሳልደብቅ አወራሁላቸው። አብሮኝ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራው፣ ከሁሉም ጎበዝ የምለው አናጢ፣ እጆቹን ብብቱ ሥር ከቶ መሬት መሬት ያያል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ጠዋት መጋዙን የማስነሳው እየፈራሁ ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትስቁብኛላችሁ ብዬ ነዋ።»